ሲራራን እንዴት ጻፍኩት፦ የሌላ ጨዋታ ደንብ ተውሶ የራስን መሥራት

ልጄ 12 ዓመት ሲሞላው ቅዳሜ ከሰዓት ቤታችን የልጅ መዓት ሆነ። አምስት ሆነው የምግብ ጠረጴዛዬን ይከባሉ። ዳይስ ይወረውራሉ፣ ይጮኻሉ፣ ቺፕስ ይበትናሉ። የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ ውስጥ ነውና መሸሻ የለኝም። ቡናዬን ይዤ አጠገባቸው መቀመጥ ጀመርኩ።

የሚጫወቱት ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ነው። ለማታውቁት፣ አንዱ ልጅ ታሪኩን ይመራል። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘው «እኔ በሩን እሰብራለሁ»፣ «እኔ ዘበኛውን አታልለዋለሁ» ይላሉ። ይሳካ አይሳካ የሚለውን ባለ 20 ገጽ ዳይስ ይወስናል። ስልክ የለ፣ ስክሪን የለ፤ አራት ሰዓት ሙሉ ወሬ ብቻ። ወሬው ግን በእንግሊዝኛ ነው። ጠዋት አማርኛ ትምህርት ላይ በግድ ተጎትተው ሄደው አፋቸውን ዘግተው የሚመለሱት እነዚሁ ልጆች ናቸው። ይሄን ነገር በአማርኛ ባደርገውስ አልኩ።

የልጄን መጽሐፍ ወስጄ ማታ ማታ መተርጎም ያዝኩ። ሦስት ወር ፈጀብኝ። 34 ገጽ ሲሞላልኝ ጠበቃ ቢሮ ለምትሠራ ጓደኛዬ ወስጄ አሳየኋት።

«ማን ጻፈው?» አለችኝ።

«እኔ ነኛ!»

«አንቺማ ተረጎምሽው። ማን ጻፈው ነው የምልሽ።»

34ቱ ገጽ መሳቢያ ውስጥ ገባ። እስካሁንም እዚያው ነው። ከዚያ በኋላ ከባዶ ጀምሬ «ሲራራ» የሚል የራሴን ጨዋታ ጻፍኩ። እናንተም እንደኔ የሚና ጨዋታ በአማርኛ መሥራት ካማራችሁ፣ መንገዱን ልንገራችሁ። ጠበቃ አይደለሁም፣ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ብዙ ገንዘብ የምታስገቡበት ሥራ ከሆነ ጠበቃ አማክሩ።

የመጀመሪያው ሥራ ደንቡን ከአጻጻፉ መለየት ነው። የአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ ክፍል 102 ላይ ሐሳብን፣ አሠራርን፣ ሥርዓትንና ዘዴን እንደማይጠብቅ ይናገራል። የሚጠብቀው ሐሳቡ የተገለጸበትን ነው፤ ዓረፍተ ነገሩን፣ ሥዕሉን፣ ታሪኩን። የቅጂ መብት መሥሪያ ቤቱም ስለ ጨዋታ ለይቶ ሲጽፍ፣ የጨዋታ ሐሳብ፣ ስሙና የአጨዋወት ዘዴው በቅጂ መብት አይጠበቁም ይላል።

ይሄ መርህ ከየት እንደመጣ ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። ከሒሳብ መዝገብ ነው የመጣው! ቻርልስ ሴልደን የሚባል ሰው በ1859 (ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) አዲስ የመዝገብ አያያዝ ዘዴ የሚያስተምር መጽሐፍ አሳተመ። የሥራውን ሁሉ ሒሳብ በአንድ ገጽ ወይም ፊት ለፊት በተያያዙ ሁለት ገጾች ላይ የሚያሳይ ዘዴ ነው። ቤከር የሚባል ሌላ ሰው ተመሳሳይ መዝገብ አዘጋጅቶ ሸጠ፤ ዓምዶቹን ትንሽ አዘዋውሮ፣ ርዕሶቹን ለውጦ። ሴልደን ሞቶ ነበርና ባለቤቱ ከሰሰች። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1879ኙ ክስ የሰጠው መልስ ግልጽ ነው፦ መጽሐፉ የሴልደን ነው፣ ዘዴው ግን የማንም አይደለም። ዘዴውን ለብቻው መያዝ የሚፈልግ ፓተንት ይጠይቅ። እኔ በየቀኑ ዴቢትና ክሬዲት የምጽፈው ለማንም ሳልከፍል ነው። ዳይስ መጣልም እንደዚያው።

ለእኛ ሰው ሳስረዳ ገበጣን ነው የማነሳው። ገበጣ ባለቤት የለውም፤ ጉድጓድ ቆፍሮ ጠጠር ያገኘ ይጫወታል። ሪቻርድ ፓንክረስት ግን በ1971 የኢትዮጵያንና የአካባቢዋን የገበጣ ዓይነቶች ሰብስቦ ጽሑፍ አወጣ። ያ ጽሑፍ የእሱ ነው። እሱ ከጻፈው ላይ ደንቡን ተምራችሁ በራሳችሁ ቃል ብትጽፉ ችግር የለም። አንቀጹን ብትገለብጡ ግን የሰው ነገር ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ያላችሁም ብዙ የተለየ ነገር አይገጥማችሁም። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይሄኛው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ሐሳብን፣ ሥርዓትን፣ የአሠራር ዘዴን፣ ቀመርን ከጥበቃ ውጭ ያደርጋል።

አሁን እኔ የወደቅሁበት ጉድጓድ ጋ ደርሰናል። ቋንቋውን ስለቀየርኩ ጽሑፉ የእኔ የሆነ መስሎኝ ነበር። ለነገሩ አንድም የእንግሊዝኛ ቃል አልቀረበትም። ሕጉ ግን ትርጉምን ከሌላ ሥራ የተወለደ ሥራ ነው የሚለው፤ የመፍቀድ መብቱ የዋናው ጸሐፊ ነው። በእንግሊዝኛው ዓረፍተ ነገር ላይ እየሄዳችሁ አንድ በአንድ ወደ አማርኛ ካመጣችሁ፣ ምንም ያህል አማርኛው ቢያምር ያው የእሱ ዓረፍተ ነገር ነው። ልጅ ልብስ ቀየረ ተብሎ አባቱ አይቀየርም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ «ማን አማርኛ ያነባል፣ ማን ያውቅብኛል» የሚለው ደግሞ መልስ አይደለም።

ታዲያ ምን ይደረጋል? እኔ የምሠራው በሁለት ደብተር ነው።

አንደኛው ደብተር ላይ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ክልክል ነው። ቁጥርና ቀስት ብቻ። የሰውን መጽሐፍ ከፍቼ እያነበብኩ ደንቡን አጥንት ብቻ አስቀረዋለሁ። ለምሳሌ የአሁኑ ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ አንድ ደስ የሚል ደንብ አለው። ሁኔታው ለተጫዋቹ ሲመች ባለ 20ውን ዳይስ ሁለት ጊዜ ይጥልና ትልቁን ይወስዳል፤ ሳይመች ደግሞ ትንሹን። በደብተሬ ላይ የጻፍኩት ይሄ ነው፦ «ሲመች፣ 2 x 20፣ ትልቁ። ሳይመች፣ 2 x 20፣ ትንሹ።» በቃ።

ከዚያ መጽሐፉን ዘግቼ መደርደሪያ ላይ መልሼ አስቀምጣለሁ። ቢያንስ አንድ ሳምንት አልነካውም። የመጽሐፉ አባባል ከጭንቅላቴ ይወጣል፣ አጥንቱ ይቀራል። ከሳምንት በኋላ ሁለተኛውን ደብተር አውጥቼ፣ ልጆቹ ፊቴ የተቀመጡ ያህል፣ በራሴ አፍ እጽፋለሁ።

ለዚያ ደንብ የጻፍኩት እነሆ፦ «ሽማግሌ መርቆሃል? ሁለቴ ጣል፣ የሚበልጠውን ያዝ። ተረግመሃል? ሁለቴ ጣል፣ የሚያንሰው ነው ድርሻህ።» ስሙንም «ምርቃት» እና «እርግማን» አልኩት። ከዚያ ነገሩ በራሱ ጊዜ ሄደ። ምርቃት እንዲሁ አይገኝም፤ አንዱ ተጫዋች በአማርኛ መመረቅ አለበት፣ ጠረጴዛው ላይ ያሉት ሁሉ «አሜን» ማለት አለባቸው። አንድ ሰው አሜን ካላለ ምርቃቱ ፈረሰ። አማርኛ የማይናገረው የጎረቤቴ ልጅ በሁለት ሳምንት ውስጥ «መንገድህን ጨርቅ ያድርግልህ» ማለት ቻለ። ለሁለተኛ ዳይስ ሲል!

ይሄን ብተረጉም ኖሮ አላገኘውም ነበር። ተርጓሚ የሚያስበው ለእንግሊዝኛው ቃል አቻ ነው። እኔም መጀመሪያ «የተሻለ ዕድል» ብዬ ጽፌው ነበር፤ ማንም ልጅ ትዝ አይለውም።

ሲራራ ራሱም እንደዚህ ነው የመጣው። ተጫዋቾቹ ሲራራ ነጋዴዎች ናቸው። በቅሎ ይጭናሉ፣ ኬላ ይቀረጣሉ፣ ወንዝ ሞልቶ ያድራሉ። ገንዘባቸው አሞሌ ጨው ነው። ዝናብ ሲዘንብ አሞሌው እንዳይሟሟ የሚያደርጉት ትግል ከየትኛውም ድራጎን ይበልጣል። ሒሳብ ሠራተኛ የጻፈው ጨዋታ ይሄው ነው፤ እያንዳንዱ ተጫዋች ገቢና ወጪ ይይዛል። ልጄ «እማዬ፣ ይሄ የቤት ሥራ ነው» ብሎኛል። አልተቀየምኩም።

አንዳንድ ዓረፍተ ነገር ደግሞ ሌላ አባባል የለውም። «ባለ 20 ገጽ ዳይስ ጣሉ፣ ጉልበታችሁን ደምሩበት» የሚለውን በስንት ዓይነት መንገድ ታወሩታላችሁ? እንዲህ ያለው አያስጨንቃችሁ። በ1967 አንድ የአሜሪካ ፍርድ ቤት የሽልማት ውድድር ደንብን በሚመለከት ክስ፣ አንድ ነገር የሚባልበት መንገድ በጣም ጥቂት ሲሆን አባባሉንም ማንም ሊይዘው አይችልም ብሏል።

ድንበሩ የት እንደሆነ ያሳየኝ የሁለት ክሶች ነገር ነው። አንደኛው ባንግ ስለሚባለው የካርታ ጨዋታ ነው። ታሪኩ የካውቦይ ነው። ሌላ ድርጅት ደንቡን እንዳለ ወስዶ ታሪኩን ወደ ጥንቷ ቻይና አመጣው። በ2016 ቴክሳስ ያለ ፍርድ ቤት ለወሳጁ ፈረደ፦ ማን ምን ችሎታ አለው፣ እንዴት ይሸነፋል የሚለው ደንብ ነው፣ ደንብ ደግሞ አይጠበቅም። ሁለተኛው ቴትሪስ ነው፤ ከላይ የሚወርዱ ቁርጥራጮች የሚደረደሩበት የስክሪን ጨዋታ። በ2012 ኒው ጀርዚ ውስጥ የአይፎን ቅጂውን የሠራው ድርጅት ተሸነፈ። ዘዴውን ስለወሰደ አልነበረም፤ የቁርጥራጮቹን መልክ፣ የሰሌዳውን ስፋት፣ የሚታየውን ነገር ሁሉ ስለገለበጠ ነው። ስለዚህ አጥንቱን ውሰዱ፣ ቆዳውን ተዉ። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። አንድ ድግምት እንዴት እንደሚሠራ መውሰድ አንድ ነገር ነው፤ ሦስት መቶ ድግምት ከነስማቸው፣ ከነቅደም ተከተላቸው ማምጣት ሌላ ነው። ምርጫውና አደራደሩ ራሱ የሰው ፈጠራ ሊባል ይችላል።

«ኧረ እኔ መጻፍ አልችልም፣ የተዘጋጀውን ነው መተርጎም የምፈልገው» የምትሉ ካላችሁ፣ ለእናንተም ሕጋዊ በር አለ። የዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ባለቤት ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት የደንቡን ዋና አካል ኤስ አር ዲ በሚባል ሰነድ ለይቶ አውጥቶታል። ኤስ አር ዲ 5.1 ከጥር 2023 ጀምሮ፣ 5.2 ደግሞ ከ2025 ጀምሮ በክሪኤቲቭ ኮመንስ ሲሲ ባይ 4.0 ፈቃድ ተለቀዋል። ያ ማለት መተርጎም፣ መለወጥ፣ ማተም፣ መሸጥም ትችላላችሁ። የሚጠበቅባችሁ ምንጭ መጥቀስ፣ ፈቃዱን መጠቆምና መለወጣችሁን መናገር ነው። የመጥቀሻው ቃል ሰነዱ መጀመሪያ ላይ ተጽፎላችኋል። እንዳለ በእንግሊዝኛው አስቀምጡት፣ አታሳምሩት። ከዚያ ውጭ የድርጅቱን ስም አትጥሩ ይላል፤ ከአምስተኛው እትም ጋር ይሄዳል ብሎ መጻፍ ግን ይፈቅዳል።

ኤስ አር ዲው ሙሉው መጽሐፍ እንዳይመስላችሁ። 5.1 ላይ ለምሳሌ ከገጸ ባሕርይ አስተዳደግ ዓይነቶች ያለው አንድ ብቻ ነው። የብዙዎቹ ጠንቋዮች ስም ከድግምቶቹ ላይ ወጥቷል። መጽሐፉ ላይ «የሜልፍ የአሲድ ቀስት» የሚለው እዚህ «የአሲድ ቀስት» ብቻ ነው። ቢሆልደር የሚባለው ባለ ብዙ ዓይን ጭራቅ ደንቡ የለም። መጽሐፉን ሳይሆን ሰነዱን ከፍታችሁ ተርጉሙ።

እዚህ ላይ የ2023ቱን ጣጣ ሳልነግራችሁ አላልፍም፤ ፈቃድ እንዴት እንደሚነበብ ያስተማረኝ እሱ ነው። ከ2000 ጀምሮ ሰው ሁሉ ይጠቀምበት የነበረው ኦ ጂ ኤል 1.0ኤ የሚባል የዊዛርድስ ፈቃድ ነበር። እነ ፓትፋይንደር ያሉ የሌላ ድርጅት ጨዋታዎች የቆሙት በእሱ ላይ ነው። ጥር 2023 ላይ ድርጅቱ ሊያወጣው ያሰበው አዲስ ፈቃድ ሾልኮ ወጣ። የድሮውን ይሽራል፣ በዓመት ከ750,000 ዶላር በላይ የሚሸጥ ከትርፉ ሳይሆን ከዚያ በላይ ካለው ገቢው እስከ 25 በመቶ ይክፈል ይላል። ዓለም ተገለበጠ። ወሩ ሳያልቅ ድርጅቱ ሐሳቡን አንስቶ ያንን ሲሲ ባይ አወጣ። የፓትፋይንደር አሳታሚ ፓይዞም በዚያው ዓመት ኦርክ የተባለ የራሱን ክፍት ፈቃድ ከሌሎች ጋር አዘጋጀ።

ጭቅጭቁ ሁሉ የመጣው ከአንድ ቃል ነው። የድሮው ፈቃድ «ዘላለማዊ» ይላል፣ «የማይሻር» ግን አይልም። እኛ ብንሆን ሁለቱ አንድ ይመስሉናል። ለጠበቃ ግን አንድ አይደሉም። ሲሲ ባይ 4.0 «የማይሻር» ይላል። ፈቃድ ስታነቡ መጀመሪያ ያንን ቃል ፈልጉ። ሌላው የማየው ከሲሲ ቀጥሎ ያሉትን ፊደላት ነው። ኤን ዲ ካለበት ተርጉማችሁ ማሰራጨት አትችሉም፤ ለአማርኛ ሰው ዋጋ የለውም። ኤን ሲ ካለበት ንግድ የለም። ኤስ ኤ ካለበት የእናንተንም ሥራ በዚያው ፈቃድ መልቀቅ አለባችሁ።

እና ደግሞ ፈቃድ መፈረም ሁልጊዜ ትርፍ አይደለም። ኦ ጂ ኤል 1.0ኤ ላይ የሰውን የንግድ ምልክት ጠርተህ «ከዚህ ጋር ይሄዳል» እንዳትል የሚል ግዴታ አለ። ባትፈርሙ ኖሮ ምናልባት ማለት ትችሉ የነበረውን ነገር ፈርማችሁ ትከለከላላችሁ። ሲራራን ያለ ምንም ፈቃድ ብጽፈው እችል ነበር ብዬ አምናለሁ፤ የወሰድኩት ደንብ ብቻ ነው። ግን ሁለት ሰንጠረዥ ከኤስ አር ዲው ስላመጣሁ ሲሲ ባይን መረጥኩ። አንድ አንቀጽ ምንጭ መጥቀስ ምን ይጎዳኛል? እንቅልፌን ገዛሁበት።

ስም ላይ ተጠንቀቁ። ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ በ1974 ሲወጣ ውስጡ ሆቢት ነበረ፤ ደራሲው ቶልኪን በመጽሐፉ የፈጠረው ትንሽዬ ፍጡር። በዚያው በ1970ዎቹ የቶልኪን ሥራ መብት ባለቤቶች ቅሬታ አቀረቡ፣ ሆቢቱም ሃፍሊንግ ተባለ። ባልሮግ የሚባለው የቶልኪን ጭራቅም ባሎር ሆነ። ደንባቸው ንክች አላለም፣ ስማቸው ብቻ ተቀየረ። እናንተም የታወቀ ጨዋታ ስም ሽፋን ላይ አታድርጉ። ስንዝሮንና አያ ጅቦን ጥሩ፤ የሁላችን ናቸው። አንድ ደራሲ በራሱ ቃል የጻፈውን የስንዝሮ ታሪክ ግን አትገልብጡ።

ሥዕል ከኢንተርኔት አትውሰዱ። ይሄን ማብራራት አያስፈልገኝም። የፊደል ቅርጽም ፈቃድ አለው፤ እኔ አቢሲኒካ ኤስ አይ ኤልን ተጠቀምኩ፣ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክም አለ። ሁለቱም በክፍት ፈቃድ የተለቀቁ ናቸው፣ ለኅትመትም ያምራሉ።

የመጨረሻው ነገር መዝገብ መያዝ ነው። እዚህ ላይ የሙያ ጭፍንነቴን ታገሡኝ። ለእያንዳንዱ ደንብ አንድ መስመር፦ ምንድነው፣ ከየት አየሁት፣ አጥንቱን ነው ወይስ ጽሑፉን የወሰድኩት፣ በየትኛው ፈቃድ፣ በስንት ቀን። የፈቃዱን ጽሑፍ ራሱን አውርዳችሁ ከመዝገቡ ጋር አስቀምጡ፤ ድረ ገጽ ይለወጣል። የሁለቱን ደብተሮችም ቀን ጻፉባቸው፣ አትጣሏቸው። አንድ ቀን «ከእኔ ገለበጥሽ» የሚል ቢመጣ የምታሳዩት እነሱን ነው። የሲራራ መዝገብ 61 መስመር አለው። ከነዚህ ውስጥ የሰው ጽሑፍ የገባባቸው ሁለቱ ሰንጠረዦች ብቻ ናቸው።

ከመዝገቡ ላይ የመጽሐፉን የመጨረሻ ገጽ አወጣችሁ ማለት ነው። የእኔው ላይ መጀመሪያ የኤስ አር ዲው መጥቀሻ በእንግሊዝኛ አለ። ከሥሩ ሰንጠረዦቹን ተርጉሜ ቁጥራቸውን እንደቀየርኩ በአማርኛ ጻፍኩ። ቀጥሎ የፊደሉ ስም። ከዚያ ሲራራ ራሱ በምን ፈቃድ እንደተለቀቀ። እኔ ሲሲ ባይ ኤስ ኤ ነው ያልኩት፤ የፈለገ ወስዶ ይለውጠው፣ ግን እሱም ለሌላው ክፍት ያድርገው። በመጨረሻ የሥዕሎቹ ነገር ነበር። በቅሎዎቹንና ኬላውን የሣለው ልጄ ነው። ሥዕሉ የእሱ ነው፣ ስለዚህ ፈቃድ ጠየቅሁት። ስሙ ከእኔ ስም በላይ፣ በትልቅ ፊደል ይሁን አለ። ተደራደርን። በላይ ሆነ፣ ፊደሉ ግን እኩል ነው።